ኩላሊትና ጆሮ ምን አገናኛቸው? የኩላሊት ሴል ሽፋን ፕሮቲኖች ሌላ የት የት ይገኛሉ?

የአስኮ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አባቴ የልብ ድካም አለበት። እግሩ አብጦ ሆስፒታል ገባና ላዚክስ በደም ስር ተጀመረለት። ሐኪሙ ሊወጣ ሲል «ጆሮዎ ላይ ጩኸት ነገር ከተሰማዎት ቶሎ ይንገሩን» አለው። አባቴ ግራ ገባው፣ እኔም ግራ ገባኝ። ላዚክስ የሚያሸና መድኃኒት ነው። ሥራው ኩላሊት ላይ ነው። ጆሮን ምን አገባው? ዋርዱ በጣም ተጨናንቆ ስለነበር መልሼ አልጠየቅኩም። የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ።

ጋሽ_ፋርማሲስት፦
አይዞህ ልጄ። ሐኪሙ ማስጠንቀቁ ትክክል ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የቱቦዎቹን ግድግዳ የሠሩት ሴሎች ሽፋናቸው ላይ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። ከነሱ አንዱ ኤን ኬ ሲ ሲ 2 ይባላል። አንድ ሶዲየም፣ አንድ ፖታሲየምና ሁለት ክሎራይድ አንድ ላይ ይዞ ከሽንቱ ወደ ሴሉ ያስገባል። ተጣርቶ ከወጣው ጨው ሩብ ያህሉ ወደ ሰውነት የሚመለሰው በዚህ በኩል ነው። ላዚክስ ይህን ፕሮቲን ይዘጋዋል። ጨው ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ውኃም ተከትሎት ይወጣል። የአባትህ እግር የሚጎድለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጆሮ። ኤን ኬ ሲ ሲ 2 ወንድም አለው፣ ኤን ኬ ሲ ሲ 1 የሚባል። ጂናቸው የተለያየ ነው፣ ቅርጻቸው ግን በጣም ይመሳሰላል። ኤን ኬ ሲ ሲ 2 ከኩላሊት ብዙም አይወጣም። ኤን ኬ ሲ ሲ 1 ግን ያልገባበት የለም፦ የምራቅ እጢ፣ አንጀት፣ የአየር ቧንቧ፣ የነርቭ ሴል፣ ውስጠኛው ጆሮ። ላዚክስ ደግሞ ሁለቱን አጥርቶ አይለይም።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ኢንዶሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ። ከሴል ውጭ ያለ የሰውነት ፈሳሽ ባብዛኛው ሶዲየም የበዛበት ነው። ይህኛው ተቃራኒ ነው፣ የበዛበት ፖታሲየም ነው። ድምፅ ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀየረው በዚህ ፖታሲየምና በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ፖታሲየሙን ወደዚያ የሚጭነው ስትሪያ ቫስኩላሪስ የሚባል የሴሎች ንጣፍ ሲሆን፣ ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ኤን ኬ ሲ ሲ 1 ነው። እሱ ከተዘጋ ኃይሉ ይወርዳል። ሰውየው ጆሮው ይጮህበታል ወይም መስማት ይቀንስበታል።

ታዲያ ላዚክስ የወሰደ ሁሉ ለምን አይደነቁርም? የኩላሊት ሴሎች መድኃኒቱን ከደም እየለቀሙ ወደ ቱቦው ስለሚያስገቡት ነው። ቱቦው ውስጥ ብዙ ይሆናል፣ ደም ውስጥ ግን ጥቂት ነው። ደም ውስጥ ያለውም አብዛኛው አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚዞረው። ጭንቀቱ የሚመጣው መጠኑ ትልቅ ሆኖ በፍጥነት በደም ስር ሲገፋ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም አልቡሚኑ የወረደ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ትልቅ መጠን ሲሰጥ በደቂቃ ከ4 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚባለው። በዚህ ሒሳብ 80 ሚሊግራም 20 ደቂቃ ይፈልጋል። የጆሮው ጩኸት ባብዛኛው መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በአፍ የሚወሰደው እንክብል በተለመደው መጠን ብዙም አያሰጋም።

የአስኮ_ልጅ፦
ጋሽዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ላስቸግር። አባቴ አጠገብ የተኛው ሰውዬ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ እየተሰጠው ነው። «ጄንታም ለኩላሊትና ለጆሮ ጥሩ አይደለም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያው ፕሮቲን ነው እንዴ?

ኔፍሮ_ሬዚደንት፦
ጋሽ ካሉት ላይ ልቀጥል። ጄንታ የሚገባው በሌላ በር ነው።

የኩላሊት የመጀመሪያው ቱቦ ሴሎች ሽፋናቸው ላይ ሜጋሊን የሚባል ግዙፍ ፕሮቲን አላቸው። ሥራው ከደም ተጣርተው በሽንት ሊያመልጡ ያሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችንና ቫይታሚኖችን ይዞ ወደ ሴሉ መመለስ ነው። ጄንታ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሜጋሊን ላይ ይለጠፋል፣ ከነሱ ጋር አብሮ ይገባል። ከዚያ ሴሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይጎዳዋል።

ሜጋሊን ጆሮ ውስጥም አለ፣ ታይሮይድ ላይም፣ ሳንባ ላይም። ፅንስ ሲያድግ ለአንጎል አፈጣጠር ያስፈልጋል። ግን ልብ በሉ፦ ጄንታ ጆሮ ውስጥ ሴል የሚገድለው በዋናነት በሜጋሊን በኩል አይደለም። የመስሚያ ፀጉር ሴሎች ድምፅ ሲነካቸው የሚከፈቱ ቻናሎች አሏቸው፣ በነሱ ነው የሚገባው። ጉዳቱ ሁለት ቦታ ስለታየ ብቻ ፕሮቲኑ አንድ ነው ማለት አይቻልም።

ልዩነቱ የሚያሳዝነው ከጉዳቱ በኋላ ነው። የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ብዙ ጊዜ ይተካሉ። የጆሮ ፀጉር ሴል በሰው ላይ አይተካም። ላዚክስና ጄንታ አብረው ሲሰጡ ደግሞ የመስማት ጉዳቱ ከሁለቱም ተደምሮ የባሰ ስለሚሆን በተቻለ መጠን እንለያያቸዋለን። አማራጭ ከሌለ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን ክሬአቲኒን ደም ውስጥ እየለካን፣ መጠኑን እያስተካከልን እንሰጣለን።

ኩላሊትና ጆሮ በእውነት አንድ ፕሮቲን የሚጋሩበትን ለማየት የዘር በሽታዎቹ ይሻላሉ። ሁለት ብቻ ልጥቀስ።

ባርቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጂኑ የታወቀው በ2001 ነው። ክሎራይድ የሚያሳልፉ ቻናሎች ሴል ሽፋን ላይ ደርሰው እንዲሠሩ ይረዳል፣ ቦታውም ኩላሊትና ውስጠኛው ጆሮ ነው። ባርቲን የተበላሸበት ሕፃን ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ብዙ ስለሚሸና የሽርት ውኃው ይበዛል፣ ያለ ጊዜውም ይወለዳል። ጨው በሽንት ይፈስበታል። ከውልደቱም አይሰማም። ሁለተኛው አሲድ የሚያስወጣው ፓምፕ ነው። ከክፍሎቹ ቢ1 የሚባለው ኩላሊትም ውስጥ አለ፣ ጆሮም ውስጥ አለ። ሲበላሽ የልጁ ደም አሲዳማ ይሆናል፣ አጥንቱ ይጎዳል፣ ኩላሊቱ ላይ ካልሲየም ይቀመጣል፣ መስማቱም ይዳከማል። የደሙ አሲድነት በመድኃኒት ሲስተካከል ልጁ ማደግ ይጀምራል። መስማቱ ግን በዚያ አይመለስም፣ ምክንያቱም የጆሮው ፓምፕ እንደተበላሸ ነው።

እድገቱ የቀረና የማይሰማ ሕፃን ካያችሁ ሽንቱንና የደሙን ጨዎች አስመርምሩለት። ይህን ስል ከልቤ ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደ ጆሮ ሐኪም ብቻ ይላኩና ኩላሊታቸውን የሚያይ ሰው ይጠፋል።

ባዮ_ሦስተኛ_ዓመት፦
ዶክተር፣ አልፖርት ሲንድሮም የሚባለው የዘር በሽታስ? እሱም ኩላሊትና ጆሮ ነው አይደል?

ኔፍሮ_ሬዚደንት፦
ነው፣ ዓይንም ይጨምራል። ግን እዚህ ክር ላይ ከተነሳው ይለያል። አልፖርት ላይ የሚበላሸው ኮላጅን 4 ነው። እሱ ሴሉ ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን አይደለም። ከሴሉ ሥር ያለውን ቤዝመንት መምብሬን የሚሠራ ነው። አልፋ 3፣ 4 እና 5 የሚባሉት ሰንሰለቶቹ የኩላሊት ማጣሪያ፣ ኮክሊያ (የውስጠኛው ጆሮ መስሚያ ክፍል) እና የዓይን ሌንስ ሽፋን ላይ ስላሉ ሦስቱም ይጎዳሉ። ፈተና ላይ ሁለቱ እንዳይደባለቁብሽ።

እማማ_ሐዋሳ፦
ልጆቼ ተባረኩ፣ እየተማርኩ ነው። ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ ኤምፓግሊፍሎዚን ጀመረልኝ። «ስኳሩን ከኩላሊት በሽንት ያስወጣል፣ ለልብዎም ይጠቅማል» አለኝ። እንግዲህ ከላይ ባላችሁት ከሄድን ያ ፕሮቲን ልብ ላይም አለ ማለት ነው?

ጋሽ_ፋርማሲስት፦
እማማ፣ ጥያቄዎ ደስ ይላል። መልሱ ደግሞ ከጠበቁት የተገላቢጦሽ ነው።

መድኃኒትዎ የሚዘጋው ኤስ ጂ ኤል ቲ 2 የሚባለውን ነው። ጤነኛ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፣ ውስጡ 180 ግራም ያህል ስኳር አለ። አንዱም በሽንት አይወጣም። 90 በመቶ ያህሉን ኤስ ጂ ኤል ቲ 2 ይመልሰዋል፣ የተረፈውን ደግሞ ታች ያለው ወንድሙ ኤስ ጂ ኤል ቲ 1 ይለቅመዋል። ኤስ ጂ ኤል ቲ 2 ሲዘጋ ስኳር በሽንት መውጣት ይጀምራል። ሽንትዎ ሲመረመር ስኳር ቢታይ አይደንግጡ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ንጽሕናዎን ግን ይጠብቁ፣ ብልት አካባቢ ፈንገስ ሊያስከትል ይችላል።

የልብ ጡንቻ ላይ የሚገኘው ኤስ ጂ ኤል ቲ 1 ነው። ኤስ ጂ ኤል ቲ 2 እዚያ የለም ቢባል ይቀላል። ሆኖም በ2015 በወጣው ትልቅ ጥናት ኤምፓግሊፍሎዚን የወሰዱ፣ የልብና የደም ስር ሕመም ያለባቸው የስኳር ሕሙማን በልብ ሕመም መሞታቸው በ38 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት ደግሞ በ35 በመቶ። ስለዚህ ጥቅሙ ልብ ላይ ስለታየ ብቻ ፕሮቲኑ ልብ ላይ አለ ማለት አይደለም። ጨውና ውኃ ሲወጣ፣ የደም ግፊት ሲወርድ፣ ኩላሊት ሲያርፍ ልብም ያርፋል። ሌሎች ምክንያቶችም እየተጠኑ ነው።

ወንድምየው ኤስ ጂ ኤል ቲ 1 ደግሞ ሳያውቁት ልጆችዎን ያሳደጉበት ነው። ዋናው ቦታው ትንሹ አንጀት ነው። ስኳርና ሶዲየምን አንድ ላይ ካልሆነ አያስገባም። ሮበርት ክሬን የሚባል ሳይንቲስት ይህን በ1960 ፕራግ ላይ አቀረበ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ አር ኤስ፣ እኛ ለምለም የምንለው፣ የሚሠራው በዚህ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጨውና ውኃ ብቻ ቢጠጣ አንጀቱ በደንብ አይቀበለውም። ግሉኮስ ሲጨመርበት ሶዲየሙ አብሮ ይገባል፣ ውኃው ይከተላል። አሁን በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር አንድ ሊትር ውስጥ ግሉኮሱም ሶዲየሙም እኩል 75 ሚሊሞል ናቸው። አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹህ ውኃ እንጂ በብርጭቆ አይበጠበጥም የምንለው ይህ ልክ እንዳይፋለስ ነው። እባካችሁ ይህቺን ለጎረቤትም ንገሩ።

ይህን ካወቁ መድኃኒቶቹም ይለያሉ። ሶታግሊፍሎዚን የሚባለው ሁለቱንም ይዘጋል። አንጀት ላይ ያለው አንደኛው ስለሚነካ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። የእርስዎ ግን ሁለተኛውን ነው የሚመርጠው።

እማማ_ሐዋሳ፦
እድሜ ይስጥህ። ሽንት ላይ ስኳር አዩና ላብራቶሪ ያሉት ልጆች «እማማ መድኃኒቱ አልሠራም» ብለውኝ ነበር። ተረጋጋሁ።

ፓቶሎጂ_ላብ፦
እኔ ከማይክሮስኮፕ በኩል ልምጣ። እኛ ጋ ቀን በቀን የሚያጋጥም ነገር ነውና።

ሲዲ10 የሚባለውን የሴል ሽፋን ፕሮቲን የደም ካንሰር የሚያክሙ ሰዎች ያውቁታል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የሊምፍ ሴል ሉኪሚያ ሴሎች ላይ ስለሚገኝ መለያ ሆኖ ያገለግላል። ግን የካንሰር ፕሮቲን አይደለም። ጤነኛ ኩላሊት ሞልቶታል። ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ የምንቀባው ቀለም በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ኮንትሮል አድርገን ከምንጠቀማቸው አንዱ የኩላሊት ቁራጭ ነው። ስላይዱን ስታዩት የመጀመሪያው ቱቦ ሴሎች ወደ ቱቦው ቀዳዳ በሚያዩበት ጫፍ ላይ ብቻ ጥቁር ቡናማ መስመር ይወጣል። የሴሉ ሆድ ነጭ ነው፣ ሥሩም ነጭ ነው። ማጣሪያው ኳስ ላይ ያሉት ሴሎችም ይይዛሉ። ከመጀመሪያው ቱቦ ቀጥለው የሚመጡት ቱቦዎች ባዶ ናቸው። ቡናማው ሴሉን በሙሉ ከሞላው ቀለሙ ተበላሽቷል ብዬ እደግመዋለሁ።

ሲዲ10 ሌላ ስሙ ኔፕሪላይሲን ነው። ሥራው ትንንሽ ፔፕታይዶችን መቁረጥ ነው። ልብ ሲወጠር የሚለቃቸውንና ጨው የሚያስወጡትን ሆርሞኖችም ይቆርጣል። ሳኩቢትሪል የሚባለው የልብ ድካም መድኃኒት የሚያቆመው ይህንኑ ነው። አንድ ፕሮቲን፣ እኔ ጋ የካንሰር መለያ፣ ጋሽ ጋ የመድኃኒት ዒላማ።

ለተማሪዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ። አንቲቦዲ ቀለም ሰጠ ማለት ፕሮቲኑ እዚያ አለ ማለት ብቻ አይደለም፣ የሚመስለውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ጋሽ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ነግረውናል። ቲ4 የሚባል የታወቀ አንቲቦዲ ኤን ኬ ሲ ሲ 1ንም 2ንም ይይዛል። በሱ ብቻ የምራቅ እጢ ቀለም ሲያወጣ አይቶ «የኩላሊቱ ፕሮቲን እዚህ ተገኘ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። አር ኤን ኤውን፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚሠራበትን የጂን መልእክት፣ እዩ። ሌላ ቦታውን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ሞክሩ። ጂኑ የጠፋበት እንስሳ ቁራጭ ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል። ስዊድን ውስጥ በ2003 የተጀመረው የሰው ፕሮቲኖች አትላስ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። የፕሮቲኑን ስም ስትጽፉ በየሕብረ ሕዋሱ ያለውን አር ኤን ኤና ስላይድ ያሳያችኋል። ከዚያ ጀምሩ፣ ግን እሱንም በጭፍን አትመኑት፣ አንቲቦዲው ምን ያህል እንደተፈተነ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ።

ሜሪላንድ_ኑክሌር፦
የላቡ ወንድማችን ያለው እኔንም ይመለከታል። የምሠራው አሜሪካ ነው፣ ስካን ክፍል ውስጥ። የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ሐበሻ አባቶች ይመጣሉ። የሚሠራላቸው ፒ ኤስ ኤም ኤ ፔት የሚባል ምርመራ ነው። የፕሮቲኑ ስም ራሱ «የፕሮስቴት» ስለሚል ሰው ፕሮስቴት ላይ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ምስሉ ሲወጣ ግን ከሁሉ በላይ የሚደምቁት ሁለቱ ኩላሊቶች ናቸው። አባቶች ውጤቱን ስልካቸው ላይ ከፍተው ያዩትና «ኩላሊቴ ውስጥ ገባ» ብለው ልጆቻቸውን ያስለቅሳሉ።

አልገባም። ፒ ኤስ ኤም ኤ በተፈጥሮው የኩላሊት የመጀመሪያው ቱቦ ሴሎች ላይ አለ። ትንሹ አንጀት ላይም አለ። እዚያ ፎሌት የሚባለው የምግብ ቫይታሚን እንዲመጠጥ ጫፉን እየቆረጠ ያዘጋጃል። አንጎል ውስጥም ይገኛል። በምርመራው ላይ የምራቅ እጢዎችና የእንባ እጢዎችም ይደምቃሉ። አሜሪካ ውስጥ በ2022 በተፈቀደው፣ ፒ ኤስ ኤም ኤ ላይ የሚለጠፍ ጨረር አመንጪ መድኃኒት በሚሰጥበት የሉቴሺየም ሕክምና ብዙዎች አፋቸው የሚደርቀው የምራቅ እጢው ጨረሩን ስለሚወስድ ነው። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይሠራል፣ በመሀልም ይደገማል። ወላጅ ያላችሁ፣ ምስሉን ብቻችሁን አትተርጉሙት፣ ከሐኪሙ ጋር ተቀመጡ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ከሆነ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው፣ በነፃ ነው።

የአስኮ_ልጅ፦
ጉድ ነው! አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቼ ስንት ተማርኩ። ነርሷን ላዚክሱን በስንት ደቂቃ እንደምትሰጠው ጠየቅኳት፣ በፓምፕ ቀስ ብሎ እየገባ ነው። ጆሮውም ደህና ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የሕፃናት_ሐኪም፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ልጨምር፣ ኩቢሊንን።

ኩቢሊን ሁለት ቦታ በደንብ ይገኛል፦ የትንሹ አንጀት መጨረሻና የኩላሊት የመጀመሪያው ቱቦ። አንጀት ላይ ቫይታሚን ቢ12ን ከነተሸካሚው ይቀበላል። ኩላሊት ላይ ከሜጋሊን ጎን ሆኖ አልቡሚንን ይመልሳል። እሱ ወይም አጋሩ ሲበላሽ ልጁ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች ይዞ ይመጣል፦ የቢ12 እጥረት ደም ማነስና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን። ኖርዌይ ላይ ኢመርስሉንድ፣ ፊንላንድ ላይ ግሬስቤክ በ1960 ለየብቻ ጻፉት፣ በሽታው በሁለቱም ስም ይጠራል።

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ደም ማነሱ በቢ12 መርፌ ይድናል፣ መርፌው ግን ዕድሜ ልክ ነው። የሽንቱ ፕሮቲን በመርፌው አይጠፋም፣ ኩላሊቱንም አያደክምም። ይህን ያላወቀ ሰው ልጁን ስቴሮይድ ያስጀምረዋል ወይም የኩላሊት ናሙና ያስወስደዋል። ከንቱ ሥቃይ ነው። ገርጥቶ፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ተልቀው፣ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ያለው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ቢ12 ይለካ።

ባዮ_ሦስተኛ_ዓመት፦
ዶክተሮች፣ ጋሽ፣ ሁላችሁም። ለሴሚናር አንድ የኩላሊት ሽፋን ፕሮቲን መምረጥ አለብኝ። ከነዚህ ውስጥ የቱ ይሻላል? ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነው የማቀርበው።

ኔፍሮ_ሬዚደንት፦
ከነዚህ ውጭ ልምረጥልሽ፣ አኳፖሪን 1። ታሪኩ ከኩላሊት አይጀምርም፣ ለዚህ ነው የወደድኩት። ፒተር አግሬ የቀይ ደም ሴል ሽፋን ላይ የደም ዓይነት ፕሮቲን ሲያጠና 28 ኪሎዳልተን የሚመዝን የማይታወቅ ፕሮቲን ደጋግሞ ይወጣበት ነበር። ያው ፕሮቲን የኩላሊት ቱቦ ላይም ተገኘ። ሁለቱም ውኃ በፍጥነት የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። በ1992 የእንቁራሪት እንቁላል ሴል ውስጥ እንዲሠራ አደረጉት። እንቁላሉ ጨው በቀነሰ ውኃ ውስጥ ሲገባ አብጦ ፈነዳ፣ ፕሮቲኑ የሌለው ግን ደህና ቆየ። የውኃ ቻናል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፣ በ2003 ኖቤል ተሸለመበት።

ለተማሪዎቹ የሚመቸው ደግሞ ይህ ነው። ከኤ ቢ ኦ ውጭ ኮልተን የሚባል የደም ዓይነት አለ፣ ተሸካሚው ይኸው አኳፖሪን 1 ነው። ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌላቸው በጣም ጥቂት ሰዎች በዓለም ላይ ተገኝተዋል። ደም መውሰድ ሲያስፈልጋቸው የሚስማማ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ ውጭ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። ውኃ ሳይጠጡ እንዲቆዩ ሲደረግ ግን ሽንታቸውን እንደ ሌላው ሰው ማወፈር አይችሉም። የመጀመሪያውን ስላይድሽን በእንቁራሪቱ እንቁላል ጀምሪ፣ ከዚያ ወደ ደም ዓይነቱ፣ መጨረሻ ወደ ኩላሊቱ። አኳፖሪን 2ን፣ 4ንና 5ን በአንድ ስላይድ አሳልፊያቸው፦ 2 ቫሶፕሬሲን በሚባል ሆርሞን የሚታዘዘው የኩላሊቱ፣ 4 አንጎል ላይ በብዛት ያለው፣ 5 የምራቅና የእንባ እጢው። ስላይዶቹን ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊያቸው፣ አይቼ አስተያየት እሰጥሻለሁ።